ውሃ ሂሳቡ በቆጣሪ ነው በሰው? ወደ ግል ቢዞርስ? ውጭ ያላችሁ እስቲ ንገሩን

የጓሮ ተከራይ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ። የምኖረው አንድ ክልል ከተማ ነው፣ ስሙን ልተወው ምክንያቱም ነገ ሄጄ የምለማመጠው እዛው ቢሮ ነው ሃሃ። አንድ ግቢ ውስጥ ስድስት ቤት ተከራይተን ነው ያለነው፣ ባጠቃላይ 22 ሰው፣ ቆጣሪው ግን አንድ። ውሃ በፈረቃ ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ይባላል እንጂ አንዳንዴ አንዴ ነው እሱም በውድቅት ሌሊት። መጀመሪያ ቧንቧው ያስነጥሳል፣ ፍሽሽሽ ይላል ረጅም ደቂቃ፣ ከዛ ቀይ ዝገት የመሰለ ይተፋል፣ ንጹሁ የሚመጣው ከዛ በኋላ ነው። ያኔ ሁላችንም ጋቢያችንን ደርበን ጀሪካን ይዘን ሰልፍ።

የዚህ ወር ቢል ሲመጣ አከራያችን ሊያብዱ ደረሱ። ዋጋው በደረጃ ነው አይደል፣ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪዩቦች (አንዱ ኪዩብ 1000 ሊትር ነው) ርካሽ፣ ከዛ እየወጣ ይሄዳል። ስድስት ቤት ባንድ ቆጣሪ ስንቀዳ ቶሎ ነው ላይኛው ደረጃ ላይ የምንወጣው። እኔና ልጄ ለሁለት በሳምንት 12 ጀሪካን ነው የምንጨርሰው፣ ባለ 20 ሊትሩን፣ በወር አንድ ኪዩብ ብትሆን ነው፣ ግን የሚታሰብብን መኪና በጎማ እንደሚያጥብ ሰው ነው። አጠገቤ ያሉት እማማ ደሞ ልብስ አጥበው ነው የሚኖሩት፣ አሁን ሁሉም በሳቸው ላይ ዞሯል፣ "አንቺ ነሽ የምትጨርሽው" እየተባሉ።

በሰሞኑ የሰፈር ስብሰባ ላይ አንዱ ተነስቶ ለግል ኩባንያ ቢሰጥ እኮ ይሄ ሁሉ ጣጣ ያልቅ ነበር አለ፣ ግማሹ አጨበጨበ ግማሹ ጮኸበት። ስለዚ እናንተ ያላችሁበት አገር ውሃውን ማነው የሚያስተዳድረው? ሂሳቡስ በምን ነው የሚሰላው? ፈረቃ የሚባል ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ለንደን ፈረቃ ሰራተኛ፦
ፈረቃ እዚህ እኔ ነኝ እንጂ ውሃው አይደለም ሃሃሃ። ወደ ግል ማዞሩን በተመለከተ ግን ላጨበጨቡት ንገሪልኝ/ንገርልኝ። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ በጠቅላይ ሚኒስትር ታቸር ጊዜ በ1989 (በፈረንጅ) የውሃ ድርጅቶቹን ከነቧንቧቸው ከነግድባቸው ነው የሸጧቸው፣ ሲሸጧቸው ደሞ የነበረባቸውን ወደ 5 ቢሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ እዳ መንግስት ሰርዞላቸው ነው፣ ንጹህ አድርጎ። ዛሬ ድምር እዳቸው ከ60 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ነው፣ የኛው የለንደኑ ቴምስ ዋተር ብቻውን ከ15 ቢሊዮን በላይ አለበት፣ ዝናብ ሲበዛ ፍሳሹ ሳይጣራ ወንዝ ይገባል፣ ቢሉ ይጨምራል። የሚገርመው እዚሁ ደሴት ላይ ስኮትላንድ አልሸጠችም፣ እስከዛሬ የህዝብ ነው። ዌልስን ደሞ ባብዛኛው ከ2001 ጀምሮ ትርፍ የማያከፋፍል ድርጅት ነው የያዘው። ሰሜን አየርላንድ ጭራሽ ለመኖሪያ ቤት የውሃ ቢል የሚባል ነገር የለም። ፓሪስም በግል ይዛው ቆይታ በ2010 ወደ ከተማው መልሳዋለች፣ በዓመቱ ዋጋውን 8 በመቶ ቀነሰች።

ሂሳቡ? ይሄን ስነግራችሁ አታምኑኝም፣ እስካሁን ቆጣሪ የሌለው ቤት ሞልቷል። እነሱ የሚከፍሉት ቤቱ ድሮ በተገመተው ዋጋ ነው፣ ግምቱ የ1970ዎቹ መጀመሪያ ሁሉ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቢኖርም ስምንት ሆነው ቢኖሩም ያው። ስለዚ እኛም ጋር ፍትህ አለ ብዬ አልዋሽም።

ዝምታ ወርቅ፦
የትም ብትሄዱ ውሃ ላይ የተቀመጠ ሰው ይጠጣል። አለቀ።

ባለ ታጊዱ (እስራኤል)፦
ወንድሜ የኔን ቤት ታሪክ ልንገርህ ጥያቄህ ልክ እሱ ስለሆነ። እዚህ በ1959 በወጣው ህግ ውሃ ሁሉ የህዝብ ነው፣ ግቢህ ውስጥ ያለ ጉድጓድ እንኳን ያንተ አይደለም፣ ያለ ፈቃድ አትቀዳም። ከላይ ሜኮሮት የሚባለው የመንግስት ኩባንያ አለ፣ እሱ ዋናውን መስመር ይይዛል፣ ከታች በየከተማው ታጊድ የምንለው የውሃ ድርጅት አለ፣ ቢል የሚልክልህ እሱ ነው በሁለት ወር አንዴ። ድሮ ማዘጋጃ ቤቶች ነበሩ የሚይዙት፣ ችግሩ የውሃውን ብር ወስደው ለሌላ ነገር ያውሉት ነበር፣ ቧንቧ ሳይቀየር፣ ስለዚ በ2001 ህግ ወጥቶ ካዝናው እንዲለይ ተደረገ። ብዙ ሰው ታጊዶቹን ይጠላቸዋል በዋጋ ምክንያት፣ እኔም አልወዳቸውም፣ ግን የውሃ ብር ለውሃ ይዋል የሚለው ነገር ትክክል ነው ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው። ዋጋው ሁለት ደረጃ ብቻ ነው፣ ዝቅተኛውና ከፍተኛው። ግን ደረጃው በቆጣሪ አይደለም የሚቆጠረው በሰው ነው። ለያንዳንዱ ነፍስ በወር 3.5 ኪዩብ በዝቅተኛው ዋጋ ይሰጥሃል፣ ከሱ ያለፈው በውዱ ነው። ባንተ ግቢ 22 ሰው ካላችሁ 77 ኪዩብ ማለት ነው በርካሹ። የጓሮዋ እማማም ላይ ማንም ጣቱን ባልቀሰረ።

ጉዱ ያለው የሰው ቁጥር ማስመዝገቡ ላይ ነው። ፎርም ሞልተህ የሁሉንም መታወቂያ ቁጥር ጽፈህ ካልላክህ ቤቱን ሁለት ሰው ብለው ነው የሚይዙት። እናቴ ቤት ዘጠኝ ሆነን ነበር የምንኖረው፣ ለስንት ዓመት ሁለት ሰው ተብለን ውዱን ከፈልን፣ ማንም ደውሎ "እናንተ እኮ ዘጠኝ ናችሁ" አላለንም፣ እናቴ ደሞ ወረቀቱ በዕብራይስጥ ስለሆነ ከመሳቢያ ትከታለች። እህቴ ወታደርነቷን ጨርሳ ስትመጣ ነው መሳቢያውን ከፍታ ያየችው። ስለዚ ህጉ ቆንጆ ነው፣ ግን ማንበብ ለሚችል ነው ቆንጆ የሆነው።

ውሃው ከየት ይመጣል ላልከው (አላልክም ግን ልጨምር) አብዛኛው የቤት ውሃ ዛሬ ከባህር ተጣርቶ ነው። አሽኬሎን በ2005፣ ከዛ ሃዴራ፣ ሶሬክ በ2013 እያለ ቀጠለ። እኛ ስንመጣ ዜና ላይ በየቀኑ የኪነሬት ሀይቅ ከፍታ እንደ አየር ጠባይ ይነገር ነበር፣ ቀይ መስመር ደረሰ ጥቁር መስመር ደረሰ እየተባለ። አሁን የተጣራ የባህር ውሃ መልሰው ወደ ኪነሬት የሚወስዱበት መስመር ሰርተዋል። የፍሳሹንም ከ85 በመቶ በላይ አጣርተው እርሻ ያጠጡበታል። ባህር የለንም ብላችሁ እንዳትጀምሩኝ፣ የፍሳሹ ነገር ባህር አይፈልግም።

የጓሮ ተከራይ፦
በነገራችን ላይ ሴት ነኝ 🙂 ግን ችግር የለውም ወንድሜ። በሰው መቁጠር የሚለው እኮ ጭራሽ አስቤው አላውቅም። አከራያችን ግን 22 ሰው አለ ብለው አያስመዘግቡም፣ የኪራይ ግብር ይመጣብኛል ብለው። ስለዚ እዚህ ቢመጣም እኛ "ሁለት ሰው" ነን ማለት ነው።

ባለ ታጊዱ (እስራኤል)፦
ይቅርታ እህቴ። እሱስ እውነትሽን ነው፣ አከራዮቹ እዚህም ያው ናቸው።

ቤልቪል ሱቅ፦
ከኬፕ ታውን ነው የምጽፈው፣ እኛ ደሞ ውሃው ሊያልቅ ሲል ያየን ነን። ከ2015 ጀምሮ ሶስት ዓመት ዝናብ ጠፋ፣ ትልቁ ግድብ ቴዋተርስክሉፍ አሸዋ ሆኖ በላዩ ላይ አቧራ ሲነሳ አይቻለሁ በአይኔ። በ2018 ጃንዋሪ ከተማው "ዴይ ዜሮ" ብሎ ቀን ቆረጠ፣ ግድቦቹ 13.5 በመቶ ሲደርሱ ቧንቧ ይዘጋል፣ ሰው ወደ 200 በሚሆኑ ጣቢያዎች ተሰልፎ ለነፍስ ወከፍ በቀን 25 ሊትር ይቀዳል ተባለ። ፌብሩዋሪ 1 ላይ ደሞ አንድ ሰው በቀን ከ50 ሊትር በላይ እንዳይጠቀም ታዘዘ። ሱቄ ውስጥ ባለ 5 ሊትር ውሃ ባንድ ቀን ያልቅ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ዋጋ የጨመሩ የኛ ልጆችም ነበሩ አያኮራም። ሻወር የሚወሰደው ሳፋ ውስጥ ቆሞ ነው፣ በሳፋው ያለው ውሃ ሽንት ቤት ይደፋል።

ያዳነን ምንድነው ብትሉኝ አንዱ ፕሬሸር መቀነሱ ነው፣ ከተማው መስመሩ ላይ ግፊቱን ሲቀንስ የሚያፈሰውም ቧንቧ አነስ አድርጎ ነው የሚያፈሰው። ሌላው ማፈር ነው። ኢንተርኔት ላይ ካርታ አወጡ፣ በልኩ የተጠቀመ ቤት አረንጓዴ ነጥብ ይደረግበታል፣ ነጥብ የሌለው ቤት ማን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ብዙ የሚጠቀሙት ቤት ደሞ ውሃ የሚቆርጥ መሳሪያ ገጠሙበት። ገበሬዎቹም ከራሳቸው ግድብ 10 ቢሊዮን ሊትር ለከተማው ለቀቁ። ድሮ በቀን 1.2 ቢሊዮን ሊትር ገደማ ይጠቀም የነበረ ከተማ ከግማሽ በታች ወረደ፣ ከዛ በጁን ዝናቡ መጣ፣ ዴይ ዜሮም ሳይመጣ ቀረ።

ከዛ በኋላ ያለውን ግን ማንም አይነግራችሁም። ሰው ቆጥቦ ሲጠቀም ከተማው ገቢ አጣ፣ ገቢ ሲያጣ ዋጋ ጨመረ፣ በቆጣሪው ስፋት የሚከፈል ቋሚ ክፍያም ጨመረ። ሰው "ቆጥቡ ብላችሁን ቆጠብን አሁን ደሞ ስለቆጠባችሁ ክፈሉ ትላላችሁ" አለ። ወይ ግሩም።

የቆጣሪውን ነገር በተመለከተ እዚህም ያንቺው ችግር አለ። ደቡብ አፍሪካ ከ2001 ጀምሮ ለአንድ ቤት በወር 6 ኪዩብ በነጻ የሚል ፖሊሲ አላት፣ ስምንት ሰው በቀን 25 ሊትር ብለው ነው ያሰሉት። ኬፕ ታውን አሁን ለደሀ ቤቶች ብቻ አድርጋዋለች። ግን አንድ ግቢ ውስጥ ከጓሮ ቆርቆሮ ቤት ሰርቶ ሶስት አራት ቤተሰብ የሚያከራይ ሞልቷል፣ ነጻዋ ውሃ በሁለት ሳምንት ጭጭ።

የጓሮ ተከራይ፦
ቆይ ቆይ። አሁን ካልኩሌተር አወጣሁ። በሳምንት 12 ጀሪካን 240 ሊትር ነው፣ ለሁለት ሰው ለሰባት ቀን ሳካፍለው በቀን 17 ሊትር መጣልኝ። እናንተ "ዴይ ዜሮ" ብላችሁ ዓለም ያለቀሰላችሁ 25 ሊትር ነው። እና እኔ ምን ላይ ነኝ???

ቤልቪል ሱቅ፦
እህቴ ምን ልበልሽ። እኔም እናቴ ቤት ሆሳዕና ሳድግ ካንቺ አልበልጥም ነበር፣ እዛ ሆኜ ግን ቆጥሬው አላውቅም።

ዲሲ ነኝ፦
እዚህ ደሞ ውሃው 24 ሰዓት አለ፣ ጥያቄው ውስጡ ምን አለበት ነው። የዋሽንግተን ዲሲ ውሃ ከፖቶማክ ወንዝ ነው፣ የሚያጣራው የጦር ሰራዊቱ የመሐንዲሶች ክፍል ነው (አዎ ወታደር)፣ የሚያከፋፍለው ደሞ የከተማው ድርጅት ነው። በ2000 መጨረሻ የጀርም መግደያውን ከክሎሪን ወደ ክሎራሚን ቀየሩት፣ ለጥሩ ብለው፣ ግን አዲሱ ኬሚካል የድሮዎቹ የእርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ቧንቧዎች ውስጥ የተጋገረውን ሽፋን አነሳውና እርሳሱ ውሃው ውስጥ ገባ። ህዝቡ በደንብ የሰማው በ2004 ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ነው። ከዛ አስር ዓመት ቆይቶ ፍሊንት ሚሺጋን ላይ በ2014 ለመቆጠብ ብለው የውሃ ምንጩን ቀየሩ፣ ቧንቧ እንዳይበላ የሚጨመረውን ኬሚካል ሳይጨምሩ፣ ያው ደገሙት። ሁለቱም ቦታ የህዝብ ድርጅት ነው፣ ግል አይደለም፣ ስለዚ ለንደን ያለው ወንድማችን ያለው ልክ ነው ግን በሌላም በኩል ይሰራል።

ጥሩው ነገር የውሃ ድርጅት በየዓመቱ የውሃውን ምርመራ ውጤት ለደንበኛው የማሳወቅ ግዴታ አለበት። በ2024 ጁላይ 3 ውሃው ስለደፈረሰ አፍልታችሁ ጠጡ ብለው ከተማውን ሁሉ አስጠነቀቁ፣ በበነጋው አነሱት፣ እኔ የቡና ጀበናዬ ስለሚፈላ ብዙም አልደነገጥኩም። ቤታችሁ የሚገባው ቧንቧ ምን እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ በቁልፍ ፋቅ አድርጉት፣ ለስላሳ ሆኖ እንደ ብር የሚያበራ ከሆነ እርሳስ ነው፣ ማግኔት ከያዘው ብረት ነው፣ ቀይ ከሆነ መዳብ።

የቧንቧ ሰው፦
ዘግይቼ ነው የገባሁት፣ ውሃ ላይ ነው የምሰራው አስራ ምናምን ዓመቴ፣ የት እንደሆነ ልተወው እኔም ነገ ስራ እገባለሁ።

መጀመሪያ ቆጣሪው ውሃ ሳይመጣ ይዞራል የሚሉት ሰዎች ካሉ አትሳቁባቸው። ውሃ ሲጠፋ መስመሩ በአየር ይሞላል፣ ውሃው ሲመለስ አየሩን ከፊቱ እየገፋ ይመጣል፣ ያ ፍሽሽሽ የምትይው እሱ ነው፣ ቆጣሪው ደሞ አየርና ውሃ አይለይም ማሽከርከር ብቻ ነው ስራው። እንደውም በአየር ይፈጥናል። ፈረቃ ያለበት ከተማ ሁሉ ይሄ አለ።

ሁለተኛ ፈረቃ ውሃ ይቆጥባል የሚለው ተረት ነው። ሰው ውሃ ሲመጣ ያለውን ዕቃ ሁሉ ይሞላል፣ አዲሱ ሲመጣ አሮጌውን ይደፋል፣ ያለው ሮቶ ያስቀምጣል፣ የባሰው ዲናሞ ቀጥታ መስመሩ ላይ ገጥሞ የጎረቤቱን ይስባል። ቧንቧው ባዶ በሆነ ሰዓት ደሞ በተሰነጠቀው ቀዳዳ ከውጭ ያለውን ይምጋል፣ ከጎኑ ምን እንደሚያልፍ አልነግራችሁም እራት የበላችሁ ይኖራላችሁ። ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ፈረቃ ፍሳሽ መፈለጊያውን ያጠፋብናል። ውሃ 24 ሰዓት ባለበት ከተማ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሁሉም ተኝቷል፣ ያን ሰዓት በሰፈሩ መግቢያ ቆጣሪ የሚያልፈው ውሃ ባብዛኛው እየፈሰሰ ያለ ነው፣ በቃ ታውቀዋለህ። እኛ ጋር 8 ሰዓት ላይ ህዝቡ በሙሉ ጀሪካን ይዞ ቆሟል፣ ምኑን ከምኑ ትለየዋለህ።

የግልና የመንግስት ክርክሩ ላይ የማውቀው ምርጥ ምሳሌ ፕኖም ፔን ናት፣ የካምቦዲያ ዋና ከተማ። በ1993 ከጦርነት ወጥታ ውሃ በቀን 10 ሰዓት ገደማ ብቻ ነበር፣ ከሚመረተው 72 በመቶው ወይ ይፈሳል ወይ ይሰረቃል፣ ሂሳብ ላይ አይደርስም። ኤክ ሶን ቻን የሚባል ሰው ሃላፊ ሆነ። መጀመሪያ ያደረገው ሰራተኛውን ማጽዳት ነው ምክንያቱም በህገወጥ መስመር የሚቀጥለው የራሱ ሰራተኛ ነበር፣ ከዛ ለሁሉም ቆጣሪ፣ ለባለስልጣኑም ጭምር። አንድ ጄኔራል ቤት ሄዶ ጠመንጃ እንደተደገነበት ራሱ ተናግሯል፣ ታጣቂ ይዞ ተመልሶ ቆረጠበት። በ1996 ድርጅቱ ራሱን የቻለ ሆነ፣ ብሩን ራሱ ይይዛል ራሱ ይቀጥራል። በ2010 አካባቢ ብክነቱ 6 በመቶ ገደማ ነበር፣ ውሃውም 24 ሰዓት። እና አልተሸጠም፣ ኋላ በ2012 ጥቂት አክሲዮን ገበያ ላይ ቢወጣም አብዛኛው የመንግስት ነው። እርግጥ ከጃፓንም ከፈረንሳይም ከዓለም ባንክም ብዙ ብር ገብቷል፣ በወኔ ብቻ አልሆነም።

እኛ ጋር ወረቀቱ ላይ ምንም አልጎደለም። አዋጅ ቁጥር 197/1992 (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው) ውሃ የህዝብና የመንግስት የጋራ ሀብት ነው ይላል፣ ፖሊሲው የከተማ ውሃ ወጪውን በሙሉ ራሱ ይሸፍን ይላል፣ በየከተማው ቦርድ አለ። ግን ከምናመርተው ውስጥ ስንቱ እንደሚፈስ ሳናውቅ ታሪፍ ስንጨምር የፈሰሰውን ውሃ ሂሳብ የሚከፍለው ቆጣሪ ያለው ሰው ነው። ቆጣሪ የሌለው ደሞ በጀሪካን ከሻጭ እየገዛ የቧንቧውን ስንትና ስንት እጥፍ ይከፍላል። የደረጃ ታሪፍ ደሀውን ይጠቅማል ተብሎ ነው የወጣው፣ ደሀው ግን ስድስት ሆኖ ባንድ ቆጣሪ ነው ያለው፣ ብቻውን ባለ ቆጣሪ የሆነው የደላው ነው። ይሄን ስብሰባ ላይ ስናገር "ጥናት ያስፈልጋል" ይሉኛል፣ ይኸው ስምንት ዓመት።

የጓሮ ተከራይ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ አየሩን ላለመክፈል እኔ ማድረግ የምችለው ነገር አለ?

የቧንቧ ሰው፦
ትክክለኛው መፍትሄ መስመሩ ላይ አየር ማስወጫ መግጠም ነው እሱ ግን የቢሮው ስራ ነው። እናንተ የምትችሉት ከቆጣሪው ጎን ያለችውን ቫልቭ ውሃ ሲጠፋ ጥርቅም አድርጋችሁ ዝጉ። ውሃ ሲመጣ ቶሎ አትክፈቱ፣ አስር አስራ አምስት ደቂቃ ታገሱ፣ አየሩ ሌላ ክፍት ያገኘበት ይወጣል፣ ከዛ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ቁጥሩን ከመዝጋትሽ በፊትና ከከፈትሽ በኋላ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ ቅሬታ ስታቀርቢ ያለ ፎቶ አትሂጂ።

የጓሮ ተከራይ፦
ትናንት ሌሊት ሞከርነው። ቫልቯን ዘግተን ቆምን፣ የጎረቤት ግቢ ቧንቧ ሲያስነጥስ ይሰማናል፣ ጭር ሲል ከፈትን። ቆጣሪው እንደወትሮው አልበረረም፣ ፎቶውም አለኝ። እማማ ሲያዩ ቆይተው "ታዲያ አየሩ የት ሄደ?" አሉኝ። ወደሚቀጥለው ግቢ ነው እማማ አልኳቸው። ጸጥ ብለው ቆዩና "እዛ እኮ እህቴ ናት ያለችው" አሉ። አሁን ለሳቸውም ግቢ ቫልቭ ሊገጠም ብር እየተዋጣ ነው፣ ከነሱ ቀጥሎ ያለው ግቢ ማን እንዳለ ገና አልጠየቅንም።